አጎቴ ያነበበው ጋዜጣ

አጎቴ ማንበብ አይችልም ነበር። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ እኔ በምሠራበት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ላይ በዚያ ዓመት የእሱን ያህል ጋዜጣ ያነበበ ሰው ስላልነበረ ነው። መዝገቡን የምሞላው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ቤተ መጻሕፍቱ ሶዶ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ አቮካዶ አለ። ፍሬው ሲበስል ቆርቆሮው ላይ ዱብ ባለ ቁጥር አንባቢው ሁሉ ቀና ይላል፤ እኔ ደግሞ እደነግጣለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ደንጋጣ ነኝ። ከጀርባዬ ሰው ሲጠራኝ የያዝኩትን ነገር እጥላለሁ፤ ጓደኞቼም ይህን ስለሚያውቁ ሲጫወቱብኝ ነው ያደግኩት።

ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር፤ ከተማው በተማሪ ተሞልቷል። የራሳቸው ቤተ መጻሕፍት ሲጨናነቅባቸው ወደ እኛ ይመጣሉ። አሠራራችን ቀላል ነበር። አንባቢው ሲገባ መታወቂያውን ይሰጠኛል፤ እኔ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጣል አደርገዋለሁ። ከዚያ መዝገቡ ላይ ስሙን፣ ፆታውን፣ ሥራውን፣ የወሰደውን እጽፋለሁ፤ እሱ ይፈርማል። ሲወጣ የወሰደውን ይመልስና መታወቂያውን ይቀበላል። መታወቂያው እኔ ዘንድ እስካለ ድረስ ማንም መጽሐፍ ይዞ አይጠፋም። ያ ቆርቆሮ ሲሞላ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ተማሪዎቹን የሚስበው ግን መጽሐፉ ብቻ አልነበረም። የግል ጋዜጦችም ነበሩን። መሥሪያ ቤቱ የገዛቸው እንዳይመስላችሁ። ገበያው ዳር ቤተሰቦቹ ከስልጤ የመጡ አንድ ጅምላ ነጋዴ ነበር። ከአዲስ አበባ ዕቃ ሲጫንለት ለስኳር መጠቅለያ የሚሆን አሮጌ ጋዜጣ አብሮ ይመጣል። ሰውየው ሳያነብ ወረቀት መቅደድ የማይሆንለት ሰው ስለነበር፣ ያልተቀደዱትን ለይቶ ለእኛ ይልካል። «አንብባችሁ ስትጨርሱ መልሱልኝ፣ ስኳሩ እየጠበቀ ነው» ይል ነበር። ወሬው ወር አልፎት ቢደርሰንም ለእኛ ትኩስ ነበር። ተማሪዎቹ ወንበር እስኪያጡ ድረስ አንገት ለአንገት ተደራርበው ያነቡታል።

እኔ አላነበውም ነበር። ማኅተም እመታበታለሁ፣ በቀኑ ቅደም ተከተል እደረድረዋለሁ፣ የተጣጠፈውን ጠርዝ አቃናለታለሁ። ከዚያ በላይ ዓይኔን አላሳርፍበትም። የተቀጠርኩት ለሙከራ ነበርና አንድ ሰው ስታነብ አየኋት ቢልስ እያልኩ እፈራ ነበር። ማን እንደሚል አላውቅም። በዚያን ጊዜ ማን ምን እንደሚል ማንም አያውቅም፤ ፍርሃቱም ከዚያው ነበር።

አንድ ቀን አስተባባሪያችን የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ይዛ መጣች። ክፉ ሴት አልነበረችም። እሷም ከበላይዋ ያለ አለቃ ነበራት፤ እሱም ከበላዩ። ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀቱን ዘርግታ በጣቷ አንድ ቦታ ነካች።

«አርሶ አደር አንባቢ ዜሮ ይላል። ለምንድነው?»

ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ገበሬ እርሻውን ትቶ ሶዶ ድረስ መጥቶ ልቦለድ ያነባል ወይ ልላት ፈለግኩ። «አልመጡም» ብቻ አልኩ።

«ወደ ላይ ዜሮ አይሄድም» አለች። «ዕቅዱ ላይ አለ። ሥሪበት። አንቺ ደግሞ ገና ሙከራ ላይ ነሽ፣ እኔ እንድትቀሪ ነው የምፈልገው።»

በዚያው ሳምንት አጎቴ ሶዶ መጣ። አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፤ አባቴ ሲሞት እኔንም እናቴንም ወደ ቤቱ ወስዶ ያሳደገን እሱ ነው። ከገሱባ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ያርሳል። እኔን ኮሌጅ ለማስገባት የሸጠውን በሬ ሁልጊዜ እንደ ዘመድ ያነሳዋል፤ «ያ በሬ ይኼን ጊዜ ዲፕሎማ ነበረው» እያለ ይቀልድብኛል። አቮካዶና ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ሸጦ፣ መኪና እስኪሞላ ድረስ እኔ ዘንድ ገባ። እንደ ቤተ ክርስቲያን ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ያያቸው ጀመር። «እዚህ ሰው አይነጋገርም እንዴ?» አለኝ በወላይትኛ፣ በሹክሹክታ። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው የጻፍኩት። መጥቷል አይደል? ውሸት አይደለም አልኩ ለራሴ። ስም፣ ወንድ፣ አርሶ አደር። «የወሰደው» የሚለው ላይ ስደርስ ትንሽ ቆምኩ። ከሱ በላይ ያለው ተማሪ የወሰደው ያንኑ የግል ጋዜጣ ነበር። ሐሳብም አልፈጀብኝም፤ ከላይ ካለው ጋር አንድ ነው ለማለት የምናደርጋቸውን ሁለት አጫጭር ጭረቶች አደረግኩ። ቀረ ፊርማ። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ በአውራ ጣቱ ነው የሚፈርመው። ስለዚህ ፊርማ ፈጠርኩለት፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጅራት የሚጠማዘዝ። አሁን ሳስበው ያ ጅራት የራሴ ፊርማ ጅራት ነበር፤ እጄ ሌላ አያውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት አጎቴ ሳይመጣ መጣ። ከዚያም ደግሞ። ብቻውን እንዳይሆን የጎረቤቱን ስም ጨመርኩለት፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን፣ ቀጥሎ ወፍጮ ቤት ያለውን ሰውዬ። ቀስ በቀስ መንደሩን በሙሉ አንባቢ አደረግኩት። ሁሉንም ከተማሪዎቹ ሥር ነው የማስገባቸው፤ ከጎናቸው ሁለት ሁለት ጭረት። ጭረት ማድረግ ከመጻፍ ይፈጥናል፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ከሁሉም የአጎቴ ስም ይበዛል፤ ስሙ በእጄ ቶሎ የሚወጣልኝ የእሱ ነበራ።

ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ግምገማ ላይ ተመሰገንኩ። አስተባባሪያችን ቆማ «ይህ ተሞክሮ ተቀምሮ መስፋፋት አለበት» አለች፤ ተጨበጨበልኝ። ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ። ደስ አለኝ። ላፍርበት ሲገባኝ ደስ አለኝ፣ በዚያ ሳምንት ለእናቴ ነጠላ ገዛሁላት።

ምርጫው እየቀረበ ሲመጣ ከተማው ዝም ማለት ጀመረ። ሻይ ቤት ውስጥ ሰው የኳስ ወሬ አበዛ። አንድ ጠዋት በሩን ከፍቼ ወለሉን ውሃ ስረጭ አንድ ሰው ገባ። ንጹሕ ጃኬት የለበሰ፣ ሰላምታው የሚያምር ሰው ነው። ከኋላው አስተባባሪያችን ቆማለች፤ እኔን ግን አታየኝም፣ መስኮቱን ነው የምታየው።

«መዝገባችሁን ለጥናት ፈልገነው ነበር» አለ።

እዚያው ቆሞ ገለጠው። የተመለከተው ስሞቹን አልነበረም። ጣቱን «የወሰደው» የሚለው ዓምድ ላይ አሳርፎ ወደ ታች ወረደ። ጋዜጣው ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ግራ ሄዶ ስሙን ያነባል። ሁለቱ ጭረቶች ላይ ሲደርስ ደግሞ ጣቱ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ጋዜጣውን ያገኛል፣ እንደገና ይወርዳል፣ ወደ ግራ ይሄዳል። እዚያ ያለው አጎቴ ነው። ገጹን ገለበጠ። አሁንም አጎቴ። የውሃውን ባልዲ ይዤ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ይኼ አርሶ አደር ጎበዝ አንባቢ ነው» አለ፣ ፈገግ ብሎ። «ታውቂዋለሽ?»

«ብዙ ሰው ነው የሚመጣው» አልኩ።

አጎቴን አላውቀውም ማለቴ ነበር። ሰውየው መዝገቡን ብብቱ ሥር አድርጎ «ይመለሳል» ብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ግቢው በር ላይ ባጃጅ በቆመ ቁጥር እስክሪብቶ ከእጄ ይወድቃል። አዲስ ደብተር አስምሬ መዝገብ አደረግኩ፤ ተማሪዎቹ ግን አዲስ መሆኑን ሲያዩ በሩ ላይ ቆመው ይተያዩና ይመለሳሉ። አንዱ መታወቂያውን ከቆርቆሮው ላይ ከፍ አድርጎ ይዞ ጥቂት አሰበ፣ ከዚያ ኪሱ ከተተው። ቆርቆሮው ባዶውን ቀረ። የቀሩትን ጋዜጦች አሮጌ የሒሳብ መጻሕፍት ጀርባ ሸሸግኋቸው፣ ማግስቱን ደግሞ መሸሸጌ ያስጠረጥረኛል ብዬ አወጣኋቸው፣ ከሰዓት በኋላ መልሼ ሸሸግኋቸው። ነጋዴው ዘንድ ስኳር ልገዛ ስሄድ በፌስታል ሰጠኝ። «እኔ ዘንድ ወረቀት አልቋል» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺም ዘንድ ያለቀ ይመስለኛል።»

በልቤ ጭረቶቹን እቆጥር ነበር። ስንት ቦታ ነው ያደረግኳቸው? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ መዝሙሩን ሁሉም ሲዘምር እኔ የመዝገቡን ገጾች በልቤ እገልጣለሁ። አንድ ቀን ቆረጥኩና አስተባባሪዋ ቢሮ ሄድኩ። ሐሰት ነው የጻፍኩት ልላት ነበር። አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«ሪፖርቱ ዞን ደርሷል» አለች። «ያለፈውን አንነካካ።»

እሷም ፈርታ ነበር። ይህን እያለች በሩ መዘጋቱን ሁለት ጊዜ ዞራ አየች። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ወሬውን ያመጣችልኝ ከመንደራችን ወደ ሶዶ ገበያ የምትመጣ ዳጣ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ናት። አጎቴ ወረዳ ተጠርቷል፣ ነገ ጠዋት ገሱባ ይቀርባል አለችኝ። «ስለ ማንበብ ነው አሉ» ብላ ሳቀች። «ያንቺ አጎት ምን ያነባል? ስም ተሳስተው መሆን አለበት።» እኔም እንደ መሳቅ አልኩ።

በማግስቱ አመመኝ ብዬ አስፈቀድኩ፤ ብዙም ውሸት አልነበረም። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ዳር ተቀምጬ የምናገረውን አጠናሁ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። መዝገቡን የሞላሁት እኔ ነኝ። ፊርማው የኔ ነው። አጎቴ ማንበብ አይችልም። መንገዱ ያንገጫግጫል፣ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር አንዷ ትጠፋኛለች። ወረቀት ፊቱ ቢያስቀምጡለት አለመቻሉን ወዲያው ያውቁታል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ቤታችን ግድግዳ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ካላንደር ጎን የተሰቀለ ምስክር ወረቀት አለ። በቀድሞው መንግሥት ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተሰጠው ነው። አጎቴ ያን ጊዜ እርሻ ላይ ስለነበር ትምህርቱን ሁለት ቀን እንኳ አልተማረም፤ ዘማቾቹ ግን ቁጥር ስለጎደላቸው ማንበብና መጻፍ ይችላል ብለው ማኅተም መቱለት። እኔ ሳልወለድ በፊት ጀምሮ አጎቴ በወረቀት ላይ አንባቢ ነበር። አሁን እኔ አይችልም ብል ማን ያምነኛል? ሁለት ወረቀት የመሰከረለት ሰው ነው።

ወረዳው ጽሕፈት ቤት ስደርስ አጎቴ ገብቷል። ግድግዳው ጥግ፣ የተከፈተው መስኮት ሥር ቆምኩ። በሩ ከእኔ አራት እርምጃ አይሆንም። ድምፅ ይሰማል።

«አባባ፣ ይኼ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

መዝገቡን ወደ እሱ ሲገፉለት ሰማሁ። ምን እያየ እንደሆነ አውቅ ነበር። አጎቴ ፊደል አይለይም እንጂ ያንን ጅራት ያውቀዋል። ለቀበሌ ማመልከቻ ስጽፍለት ከሥር የምፈርመው ያው ነው፤ አንድ ጊዜ «የጥጃ ጅራት ይመስላል» ብሎኝ ስቀን ነበር።

«አዎ» አለ፣ በዚያ በገበያ አማርኛው። «የኔ ናት።»

«ይህን ጋዜጣ አንብበዋል?»

«አንብቤ ነበር።»

«ይኼን ሁሉ ጊዜ?»

«ጥሩ ናት። ደጋግሜ አነበብኩት።»

«ማነው የሰጠዎት? ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ናት?»

«እኔ ራሴ ጠይቄ ነው። ልጅቷ ምን ያውቃል? ሥራውን ነው የሠራው።»

ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች አፌ ውስጥ ነበሩ፤ አንዳቸውም አልጠፉኝም። ገብቼ ተናገርኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር። አልገባሁም። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ፣ እግሬ አልነሣ አለኝ። አልችልም ማለቴ አይደለም። ከገባሁ ሥራዬን እንደማጣ አሰብኩ፣ ከሥራዬ ሌላ ደግሞ ምን እንደማጣ አላወቅኩም፣ እና ፈራሁ። ያ ነው ያለው።

አጎቴን አልመቱትም፣ አላሰሩትምም። ከሞዴል አርሶ አደርነት ሰረዙት፤ ምርጫው እስኪያልፍ በየገበያው ቀን እየመጣ እንዲፈርም አዘዙት። ፈረመ። ጸሐፊው ለሁሉ ገበሬ እንደሚያደርገው ቀና ሳይል የማኅተሙን ቀለም ይገፋለታል፣ አጎቴም አውራ ጣቱን ነክሮ ይጫናል። ያንን ባለ ጅራት ፊርማ ያዩ ሰዎች፣ ለሳምንታት በጣቱ ሲፈርም አዩት፤ አንድም ቀን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ የለም። ምርጫው አለፈ፣ ተረሳ። መዝገቡም ከወራት በኋላ ተመለሰልን። አስተባባሪያችን ካዝና ውስጥ ቆልፋበት የአዲሱን ዓመት ዕቅድ ሰጠችኝ፤ የአርሶ አደር አንባቢ ቁጥር ከፍ ብሏል።

ያን ቀን ከወረዳው ወጥተን ወደ ቤት የሄድንበትን መንገድ ግን አልረሳውም። በእንሰቱና በቡናው መሐል በምታልፈው ቀጭን መንገድ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። መስኮቱ ሥር ቆሜ ሲያገኘኝ ምን ታደርጊያለሽ እንኳ አላለኝም፤ ባርኔጣውን አድርጎ «እንሂድ» ብቻ ነው ያለው። እያለቀስኩ ይቅር በለኝ አልኩት። ወደ ኋላ ሳይዞር ጠየቀኝ።

«ሥራሽ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ጥሩ ነው።»

ጥቂት ሄድን። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ፤ ከብዙ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር እስከ ሆዴ ድረስ ገባልኝ። ወንዟ ጋ ስንደርስ ቆሞ እግሩን እየታጠበ ነገሩን እንደገና አነሳው።

«በሚመጣው ገበያ ቀን ምን ይላል ብለው ቢጠይቁኝስ? እስኪ ንገሪኝ። ምን ነበር ያነበብኩት?»

ያንን ጋዜጣ ስንት ወር በእጄ ይዤዋለሁ። ማኅተም መትቼበታለሁ፣ በቀኑ ደርድሬዋለሁ፣ ጠርዙን አቃንቼለታለሁ፣ ደብቄዋለሁ። ከውስጡ አንዲት መስመር ፈለግኩ፣ አንዲት ርዕስ እንኳ። ምንም የለኝም።

«አላውቅም» አልኩት። «ፈርቼ አላነበብኩትም።»

እግሩን መታጠቡን ተወ። መዝገቡን ሲያሳዩት፣ ከሞዴልነት ሲሰርዙት ያልተከፋ ሰው፣ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፣ ፊቱ ተለወጠ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«አንቺ እኮ ማንበብ ትችያለሽ» አለኝ።